የጠቆረ ድስት፣ የወየበ ፕላስቲክ፦ የቤት ዕቃን ወዝ ለመመለስ ዝርዝር መመሪያ

የሰሜን ሸዋ ደጋ ለቤት ዕቃ አይራራም። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር፣ ከጣርማ በር እስከ መንዝ አሁንም በብዙ ማድ ቤት የሚነደው ኩበትና ባሕር ዛፍ ነው። ብርዱ በርና መስኮት ስለሚያዘጋ ጭሱ መውጫ አጥቶ ዕቃው ላይ ያርፋል። ዕቃው ሲጠቁር ደግሞ አመድና ሽቦ ይነሣል። ሁለቱም ቦታ አላቸው፤ አልሙኒየሙንም፣ ናሱንም፣ ስቴንለሱንም፣ ፕላስቲኩንም በእነሱ ብቻ መፈግፈግ ግን ዕቃ ይጨርሳል። ዕቃው ከምን እንደተሠራና እድፉ ምን እንደሆነ ከታወቀ አብዛኛውን ሥራ ሎሚ፣ ሶዳና ጊዜ ይሠሩታል፤ ጉልበት የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ ነው።

ከመጀመር በፊት፦ ዕቃውን መለየት

ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ትንሽ ማግኔት ይያዙ። ቀላል ሆኖ ማግኔት የማይስበው ነጣ ያለ ድስት አልሙኒየም ነው። ስቴንለስ ከበድ ይላል፤ ማግኔት የሚስበውም የማይስበውም ዓይነት አለው፤ ከሥሩ 18/10 ወይም 304 የሚል ማኅተም ካለ ግን አያጠራጥርም። ላዩ ላይ አበባ የመሰለ ግራጫ ጥለት ያለውና ማግኔት አጥብቆ የሚይዘው ባልዲ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ነው። ቢጫ ሆኖ ማግኔት ከያዘው ናስ የተቀባ ብረት ነው፤ እሱን በኃይል መወልወል ቅቡን ገፎ ብረቱን ያወጣል።

እድፉም እንዲሁ ይለያያል። ቅባትና ጥላሸት የሚለቁት በሳሙናና በሶዳ ነው። ውሃ ሲፈላ የሚቀረው ነጭ ቅርፊትና ዝገት ደግሞ የሚለቁት በኮምጣጣ ነገር ማለትም በሎሚ ወይም በአቼቶ ነው። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ከዚያ የባሰው ግን ሁለቱን መቀላቀል ነው። ሶዳና አቼቶ ሲገናኙ የሚነሣው አረፋ ኃይለኛ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን አንዱ ሌላውን እያጠፋ ነው። አረፋው ሲበርድ የሚቀረው እምብዛም የማያጸዳ ጨዋማ ውሃ ነው። አመድና ሎሚም እንደዚሁ ይጠፋፋሉ። አንዱን ተጠቅመው፣ አጥበው፣ ከዚያ ሌላውን ይጠቀሙ።

የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦ አቼቶ (5 በመቶ የሆነው የምግብ ዓይነት)፣ ሎሚ፣ ጨው፣ ላርጎ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ። ሱቅ ሲሄዱ ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር እንዳይለዋወጡብዎ ይጠንቀቁ፤ ፓውደሩ ውስጥ ኮምጣጣ ነገርና ስታርች ስላለ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አንድ ነገር ሳይታለፍ፦ በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር በፍጹም አያገናኙ። ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። ብርድ ነው ተብሎ በተዘጋ ጠባብ ማድ ቤት ውስጥ ሲሆን ሰው ይገድላል። በረኪና የነካውን ዕቃ በደንብ ሳያለቀልቁ አቼቶ አያፍስሱበት።

የአልሙኒየም ድስት

የውጩና የውስጡ ጥቁረት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ሥራውም ሁለት ነው።

ለውጩ ጥላሸት፦

1. ድስቱ የሚገባበት ሳፋ ወይም ትልቅ ሳህን ይፈልጉ። እጅ የማያቃጥል ግን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ በሊትር 1 የሾርባ ማንኪያ ላርጎ ይበጥብጡና ድስቱን 30 ደቂቃ ይዘፍዝፉ። ሳፋ ውስጥ የማይገባ የድግስ ድስት ከሆነ ደፍተው በዚሁ ውሃ የራሰ ጨርቅ ያልብሱት።
2. የተጋገረውን ጥቀርሻ በእንጨት ማማሰያ ጫፍ ይፋቁት። ቢላ አይጠቀሙ፤ አልሙኒየም ለስላሳ ስለሆነ ቢላው ያረፈበት ጭረት አይጠፋም፤ በሚቀጥለው ጊዜም ጥላሸቱ የሚቀበረው እዚያው ጭረት ውስጥ ነው።
3. ቀጭኑን ሽቦ በሳሙና አርሰው በክብ እንቅስቃሴ ይሹት። ጥቁሩ አረፋ ሲወፍር ያለቅልቁ፤ ሳያለቀልቁ መፈግፈጉን መቀጠል ጥላሸቱን መልሶ ማሸት ነው።
4. ነጣ ሲል የተጨመቀ የሎሚ ቅርፊት ጨው ነክተው ይሹት፤ 5 ደቂቃ ይተዉት፤ ያለቅልቁና ወዲያውኑ በደረቅ ጨርቅ ያድርቁት። በራሱ ይደርቃል ተብሎ የተተወ አልሙኒየም ይደበዝዛል።

የውስጡ ጥቁረት ግን እድፍ አይደለም። ውሃ ወይም እንቁላል ሲቀቀልበት፣ ሶዳ ሲገባበት በብረቱ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ከውሃው ማዕድን ጋር ተዋሕዶ ይጠቁራል። ጤና አይጎዳም፤ በሽቦ ቢፈገፈግ ግን ቶሎ ተመልሶ ይመጣል። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፦ ጥቁረቱን እስኪሸፍን ውሃ ይሙሉ፤ በእያንዳንዱ ሊትር 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ ይጨምሩ፤ ከፈላ በኋላ በመጠነኛ እሳት 15 ደቂቃ ያቆዩት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 15 ደቂቃ የሚበቃው ደጋው ላይ እስከ 20 ሊወስድ ይችላል። ጥቁሩ ዓይንዎ እያየ ከግድግዳው ላይ ይነሣል፤ ውኃው ካጠረ ደግሞ የነጣውና የጠቆረው ክፍል በቀለበት ተለይቶ ይታያል። ውሃውን ደፍተው በለስላሳ ስፖንጅ ይጠቡት።

ትንንሽ ጉድጓድ ያወጣ ድስት በዚህ አይመለስም። ጉድጓዱን የሚያመጣው ጨው ያለበት ወጥ ድስቱ ውስጥ ማደሩ ነው። ስለዚህ ወጥ በአልሙኒየም ይሠራ እንጂ አይደርበት።

ስለ አመድ

አመድ የሚያበራው በሁለት መንገድ ነው፦ ደቃቁ ቅንጣት ይፍቃል፤ እርጥብ ሲሆን የሚወጣው ኃይለኛ ውሃ ደግሞ ቅባት ይቆርጣል። ይህ ሁለተኛው ባሕርይ ነው አልሙኒየም ላይ ጣጣ የሚያመጣው። እርጥብ አመድ ተለቅልቆበት የቆየ አልሙኒየም ይበላል፤ ይጠቁራል፤ ሻካራ ይሆናል። በረኪናና ኃይለኛ የቱቦ መክፈቻ ሶዳም ይኸንኑ ያደርጋሉ። በአመድ ማጠብ ግድ ከሆነ የእንጨቱን አመድ በወንፊት ነፍተው፣ ቶሎ ሠርተው፣ ከ2 ደቂቃ በላይ ሳያቆዩ ያለቅልቁት። የኩበት አመድ ግን ለሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ አይሁን፤ ከሣሩና ከአፈሩ የመጣ ጠጣር ቅንጣት ስላለበት እንደ አሸዋ ይጭራል።

ከማጽዳት መከላከል ይቀላል። ድስቱን እሳት ላይ ከመጣድዎ በፊት ውጩን በደረቅ የልብስ ሳሙና ስስ አድርገው ይቀቡት። ጥላሸቱ ሳሙናው ላይ ስለሚያርፍ ከተበላ በኋላ ሞቅ ባለ ውሃ ብቻ ተንሸራቶ ይወርዳል። ለድግስ የተዋሱት ድስት ከሆነ ይህን ሳያደርጉ አይጣዱት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ አክንባሎም አልሙኒየም ከሆነ በዚሁ መንገድ ይጠራል። መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀል፤ ምጣዱ ይቀዝቅዝ፤ ክዳኑ ተነሥቶ ለብቻው ይታጠብ። አካሉ ላይ ውሃ አይፈስስም፤ በተጨመቀ ጨርቅ ብቻ ይጠረጋል።

ስቴንለስ፣ ቧንቧና ማንቆርቆሪያ

ስቴንለስ ላይ ያረረ ምግብ በሽቦ አይነካም። ያረረውን የሚሸፍን ውሃ ከ2 የሾርባ ማንኪያ ሶዳ ጋር 10 ደቂቃ ያፍሉ፤ እስኪቀዘቅዝ ይተዉት፤ ቅርፊቱ በእንጨት ማንኪያ ይነሣል። (ይህ ለስቴንለስ ብቻ ነው፤ አልሙኒየም ላይ ሶዳ ማፍላት ያጠቁረዋል።) በእሳት ብዛት የመጣ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም በአቼቶ የራሰ ጨርቅ ሲጠረግ ይጠፋል። ስቴንለስ ላይ የሚታዩ ቀጫጭን መስመሮች አቅጣጫ አላቸው፤ ሲሹት ያንኑ አቅጣጫ ይከተሉ። ጨው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አይጨምሩ፤ ውሃው ከፈላ በኋላ ይሁን። ሥሩ ላይ የተቀመጠ ጨው ነጠብጣብ ጉድጓድ ይበላል። በረኪናም ይኸንኑ ያደርጋል።

ማንቆርቆሪያ ውስጥ ለሚጋገረው ነጭ ቅርፊት አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ይሙሉ፤ ሞቅ አድርገው ያጥፉት፤ 1 ሰዓት ይተዉት። ደፍተው ንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ አፍልተው ይድፉ። የሚያብረቀርቅ የቧንቧ ራስ ላይ አቼቶ የነካ ጨርቅ ጠምጥመው 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ማደር የለበትም፤ ከሥሩ ያለውን ይነካል። ዚንክ የተቀባ ባልዲ ላይ ደግሞ አቼቶም ሎሚም ጭራሽ አይሁን፤ ዚንኩን አሟሙቶ ባልዲውን ለዝገት ይከፍተዋል። ሳሙናና ብሩሽ ይበቃዋል።

የብር ጌጥና የአንገት መስቀል

ብር የሚጠቁረው አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ነው፤ የጭስ ቤት ውስጥ ቶሎ የሚጠቁረውም ለዚህ ነው። ጥቁሩ ራሱ ከብሩ የተሠራ ስለሆነ በፈገፈጉት ቁጥር ብር እያለቀ ይሄዳል፤ ቅርጹም ይደመሰሳል። ጥቁሩን ወደ ብርነት የሚመልስ ሌላ መንገድ አለ።

1. የፕላስቲክ ወይም የብርጭቆ ጎድጓዳ ሳህን ውስጡን በአልሙኒየም ፎይል ያልብሱ።
2. ጌጡን በላርጎና በለስላሳ ብሩሽ አጥበው ቅባቱን ያስለቅቁ፤ ቅባት ካለበት ቀጣዩ አይሠራም።
3. ጌጡን ፎይሉ ላይ ያስቀምጡ፤ የግድ መነካካት አለባቸው።
4. 1 የሾርባ ማንኪያ ሶዳና 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው ይነስንሱበት፤ 1 ሊትር የፈላ ውሃ ቀስ ብለው ያፍስሱ።
5. ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ይጠብቁ። የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ ቢመጣ አይደንግጡ፤ ድኙ ከብሩ ተላቅቆ ወደ አልሙኒየሙ ሲሄድ ነው። ፎይሉ ሲጠቁር ብሩ ይነጣል።
6. ያለቅልቁ፤ በነጠላ ቁራጭ ያድርቁ።

ካልነጣ ፎይሉን ቀይረው በአዲስ የፈላ ውሃ ይድገሙት። ሁለተኛው ላይም ካልተለወጠ ዕቃው ብር ላይሆን ይችላል።

በዚህ መንገድ የማይገቡ ነገሮች አሉ፦ ዕንቁ፣ ዛጎል፣ ሙጫ ያለበት፣ ክር ወይም ቆዳ የተሰካበት። መስቀሉን ከማተቡ አውጥተው ይሥሩ። ሠሪው ሆነ ብሎ ያጠቆረው ሐረግ ያለበት መስቀልም አይገባም፤ ጥቁሩ ከጠፋ ሐረጉም አይታይም። እሱን በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይያዙት። የድሮ ጠገራም እንዲሁ ነው፤ 1780 የሚል ዓመት ያለበት የማርያ ትሬዛ ብር 83.3 በመቶ ብር ነው፤ የተወለወለ ጠገራ ግን ለሰብሳቢ ዋጋው ይወርዳል። ኮልጌት ለብር ይሆናል የሚለውንም አይስሙ፤ ይጭራል።

ካጸዱ በኋላ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ከረጢት ያስቀምጡ። በሱፍ ጨርቅ አይጠቅልሉ፤ በላስቲክ አይሰሩ፤ ሁለቱም ድኝ አላቸው።

ናስና መዳብ

ግማሽ ኩባያ አቼቶ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ያሟሙ፤ እንደ ጭቃ እስኪሆን የገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት ይጨምሩ። ዱቄቱ የሚፈለገው ኮምጣጣው ሳይፈስ ቁልቁል ባለው ገጽ ላይም እንዲቆይ ነው። ይለቅልቁት፤ ለመዳብ 15 ደቂቃ፣ ለናስ 10 ደቂቃ ይበቃል። ናስ መዳብና ዚንክ ነው፤ ኮምጣጣው ሲቆይ ዚንኩን አስቀድሞ ስለሚያወጣ ሮዝ ነጠብጣብ ይቀራል። ያለቅልቁ፤ በትንሽ ሶዳ ውሃ ይጥረጉ፤ ያድርቁ። ሳይደርቅ ከተቀመጠ በማግስቱ ይደበዝዛል። ለጌጥ ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ ስስ ሰም ይቀቡት።

የቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ መስቀል፣ ጽናና ጸናጽል በዚህ አይነካ። በዘመናት የመጣው ቀለም የዕቃው ታሪክ ነው፤ ሲወለወልም ጽሑፍና ሐረግ ይጠፋል። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራ ማራገፍ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ የቅርስ ባለሙያ ይጠራ።

የዛገ ብረት

ቢላ፣ ማጭድ፣ የብረት መጥበሻ አቼቶ ውስጥ ከ4 እስከ 12 ሰዓት ይዘፈዘፋሉ። ደጋው ላይ ሌሊቱ ስለሚበርድ አቼቶው ይዘገያል፤ ለብ አድርጎ መጀመር ይረዳል። በየ2 ሰዓቱ ይዩት፤ ዝገቱ ካለቀ በኋላ አቼቶው ደህናውን ብረት መብላት ይጀምራልና። በብሩሽ ጠርገው፣ 1 ሊትር ውሃ ላይ 1 የሾርባ ማንኪያ ሶዳ በጥብጠው ያለቅልቁ፤ እሳት አጠገብ ፈጥነው ያድርቁ። እርጥብ የተተወ ብረት እያዩት ብርቱካንማ ዝገት ያወጣል። መጥበሻ ከሆነ ስስ የኑግ ዘይት ቀብተው፣ ጠርገው፣ ጭሱ እስኪያቆም ያግሉት፤ ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ማጭድ ከሆነ ግሪስ ይበቃዋል።

የቡና መቁያ ምጣድ ጥቁረት ግን ይተው፤ ከዝገት የሚጠብቀውና ቡናው እንዳይያዝ የሚያደርገው እሱ ነው።

ፕላስቲክ

ወጥ የቀላው ሳህን ሳሙና የማይበግረው የበርበሬው ቀለም የሚሟሟው በቅባት እንጂ በውሃ ስላልሆነ ነው። ስለዚህ በቅባት ይጀመራል። 1 የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨርቅ ላይ አድርገው ሳህኑን በደረቁ ይሹት፤ 10 ደቂቃ ቆይተው በሶፍት ሲጠርጉት ሶፍቱ ብርቱካንማ ይሆናል። ከዚያ በሙቅ ውሃና በላርጎ ይጠቡት። የቀረውን ለፀሐይ ይተዉት፤ እርጥብ እንደሆነ ከ1 እስከ 2 ቀን ይስጡት። የበርበሬም የእርድም ቀለም ብርሃን ሲያገኘው ይፈርሳል። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር የደጋ ፀሐይ ለዚህ ሥራ ተመራጭ ነው። የስፖንጁ አረንጓዴ ጎን ግን አይንካው፤ ጭረቱ የሚቀጥለውን ወጥ ይይዛል።

ጀሪካን ውስጡ ሲያረነጉድ ጠጠር ጨምሮ መነቅነቅ ልማድ ነው። ጠጠሩ አረንጓዴውን ያወርዳል፤ ግን ግድግዳውን ስለሚጭር በሳምንቱ እዚያው ጭረት ውስጥ ተመልሶ ያድጋል። በጠጠሩ ፋንታ አንድ ኩባያ የነቀዘ ባቄላ፣ 1 ሊትር ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ላርጎ ጨምረው 3 ደቂቃ ይነቅንቁት፤ ይድፉና ያለቅልቁት። ከዚያ 2 ሊትር ውሃ ላይ 4 የሻይ ማንኪያ በረኪና (5 በመቶ የሆነው) ጨምረው ይክደኑ። በሥሩ፣ በሁለቱ ጎን፣ በፊትና በኋላ እያጋደሙ በየገጹ 10 ደቂቃ ያቆዩት። ክዳኑንም እዚያው ውሃ ይንከሩት። ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቀው ዘቅዝቀው ያድርቁ፤ ከዚያ በኋላ ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት፤ አረንጓዴው ያለ ብርሃን አያድግም።

የዋጋ ማሳያ ወረቀት ሙጫ መጀመሪያ በዘይት፣ ከዚያ በዳግም አረቄ በራሰ ጨርቅ ይለቃል። እንደ መስታወት የጠራ ፕላስቲክ ላይ ግን አረቄ አያድርጉ፤ አንዳንዱን ያጨፈግገዋል።

የወየበው ነጭ የቲቪ ወይም የሬዲዮ ቀፎ ሌላ ታሪክ ነው። ቢጫው እድፍ ስላልሆነ አይታጠብም፤ ፕላስቲኩ ራሱ በብርሃንና በሙቀት ተለውጦ ነው። የሚመልሰው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከፀሐይ ጋር ነው። ፀጉር ቤቶች ከቀለም ጋር የሚያዋሕዱት ክሬም ለዚህ ይሆናል፤ 40 የሚል ቁጥር ያለበት 12 በመቶ፣ 20 የሚለው 6 በመቶ ነው።

1. ቀፎውን ብቻ ይፍቱ። ሽቦ፣ ሰሌዳና ብረት ውስጡ አይቅር። የቲቪ ውስጥ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል መፍታቱን ለባለሙያ ይተዉ።
2. በላርጎ አጥበው ያድርቁ። ጓንት ያድርጉ፤ ክሬሙ ቆዳ ያነጣል፤ ያቃጥላልም።
3. በብሩሽ እኩል ውፍረት ይቀቡ፤ ወዲያው በስስ የጠራ ፕላስቲክ ይጠቅልሉት።
4. ፀሐይ ላይ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያድርጉት፤ በየሰዓቱ ያገላብጡት፤ በየ2 ሰዓቱ ገልጠው ይቀቡት።

ክሬሙ ከደረቀ ወይም የአየር ኪስ ከቀረ ዥንጉርጉር ይሆናል፤ ያን ማስተካከል ከመጀመሪያው ሥራ ይከብዳል። ሥራውን የሚሠራው ብርሃኑ እንጂ ሙቀቱ ስላልሆነ ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ያለበት ጥርት ያለ የበጋ ቀን ይመቻል። ቆላው ላይ፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ፣ ጠዋቱን ተጠቅመው ከ3 ሰዓት በላይ ሳያቆዩ ይዩት። ከዓመታት በኋላ መልሶ ሊወይብ ይችላል።

ውጭ የሚውል የፕላስቲክ ወንበር እጅ ላይ ነጭ ዱቄት ካስቀረ ላዩ በፀሐይ ፈርሷል ማለት ነው። በውሃ የሚሠራውን ጥቁር ብርጭቆ ወረቀት ይዘው በቁጥር 600 ይጀምሩ፤ በ1000፣ ከዚያ በ2000 እያረጠቡ ያለስልሱት፤ በመጨረሻ ኮልጌት በጨርቅ ነክተው ይወልውሉት። ዘይት መቀባት ለቀናት ያበራዋል፤ አቧራ ግን ይሰበስባል። ይህን ሁሉ ከመጀመርዎ በፊት እግሮቹን ጎንበስ እያደረጉ ይፈትሿቸው። ሲታጠፍ ነጭ መስመር የሚያወጣ ወይም የሚንቋቋ እግር ውስጡ ደርቋል፤ ምንም ቢያበራ ሰው አይቀመጥበት።